ስድስት ስካነር፣ አንድ ማክ አድሬስ

ሰላም ወገን። ይሄን ሪቪው ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር አለፈኝ፣ መጀመሪያ ተናድጄ ስለነበር መጻፍ አልፈለኩም ከዛ ደሞ ሥራ በዛ፣ አሁን ግን ሰኔ 30 እየደረሰ ስለሆነ ለቆጠራ ብሎ የእጅ ስካነር የሚገዛ ሰው እንደሚበዛ ስለማውቅ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ዕቃው ባርኮድ የሚያነብ በእጅ የሚያዝ አንድሮይድ ነው፣ ያው ስልክ የመሰለ ግን ወፈር ያለ፣ ከስሩ የሽጉጥ የመሰለ እጀታ አለው ቃታውን ስትስቡት ቀይ መብራት ይተፋል። የዕቃውንም የሱቁንም ስም አልጠራም። ዕቃው ላይ የተለጠፈው ስም ራሱ ነገ ሌላ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ ሱቁም ያበላሸውን አብዛኛውን አስተካክሎልኛል፣ ስለዚ ሰው ማሳጣት አልፈልግም።

እኔ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ጋ ነው የምሠራው፣ ስቶራችን ቃሊቲ ነው። የሥራ መደቤ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው ግን እንደምታውቁት በኛ ሀገር ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ሁሉ ፕሪንተርም ይጠግናል ካሜራም ይሰቅላል የአለቃውን ልጅ ስልክም ይከፍታል። ቆጠራ እስከ ዛሬ በወረቀት ነበር፣ አንዱ ሼልፍ ላይ ሆኖ "የዘይት ፊልትሮ አርባ ሁለት" ብሎ ይጮሃል ሌላው ከታች ይጽፋል፣ አርባ ሁለቱ ሃያ አራት ሆኖ ይገባል፣ ከዛ ሁለት ሳምንት ልዩነት ፍለጋ። ስለዚ አለቃዬ ስካነር ይገዛ ሲል ደስ ብሎኝ ስድስት አዘዝን፣ አንዱን በ28 ሺህ ብር። ታዋቂዎቹን የስካነር ብራንዶች ዜብራና ሃኒዌልን ጠይቄ ነበር፣ የነሱን ዋጋ ለአለቃዬ ስነግረው "አንዱን ስካነር ነው ወይስ ከነሰውየው?" አለኝ፣ በቃ ስም የለሹን ያዝን።

በመጀመሪያ ጥሩውን ልናገር ምክንያቱም ዕቃው እውነት ለመናገር መጥፎ አይደለም። ማንበቢያው አሪፍ ነው። የኛ ስቶር ውስጥ ያለ ካርቶን አቧራ ጠጥቶ ግሪስ ነክቶት ግማሹ ስቲከር ተልጦ ነው ያለው፣ የኩሽኔታ ሳጥን ላይ ያለችው ባርኮድ ደሞ የጥፍር ያህል ነች፣ ሁሉንም በአንድ ቃታ ያነባል። ባትሪው ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ይቆያል፣ ባትሪው መነቀሉ ደሞ ለኛ ትልቅ ነገር ነው መብራት ሲሄድ ትርፍ ባትሪ ትቀይራለህ ሥራ ይቀጥላል። አንዱ ከሦስተኛ ሼልፍ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ጠርዙ ተላጠ እንጂ ምንም አልሆነም። ስክሪኑ ፀሐይ ላይ አይታይም፣ ግን ስቶር ውስጥ ምን ፀሐይ አለ።

አሁን ወደ ጉዳችን። ዋይፋይ።

ካርቶኑ ላይ "ባለ ሁለት ባንድ ዋይፋይ፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ" ይላል በትልቁ። ውስጥ ያለችው ብጣሽ ማኑዋል ላይ ደሞ 802.11 (የዋይፋይ ስታንዳርድ ስም ነው) ቢ፣ ጂ፣ ኤን ብቻ ነው ያለው። ይሄን የማያውቅ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል ግን መልሱ እዛው ነው ያለው፣ ቢ እና ጂ የ2.4 ናቸው፣ ኤን በሁለቱም መሥራት ይችላል፣ 5 ጊጋኸርዝ ያለው ዕቃ ከሆነ ግን ዝርዝሩ ላይ ኤ ወይ ኤሲ የምትል ማየት አለባችሁ። ኤሲ 5 ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ለማረጋገጥ ቀላል ነው፣ የራሴን ስልክ ሆትስፖት 5 ጊጋኸርዝ ላይ አደረኩና ስካነሩን ፈልግ አልኩት፣ የጎረቤት ጋራዥን ዋይፋይ ያገኛል አጠገቡ ያለውን የኔን ስልክ አያየውም። ስድስቱም እንደዛው። ስለዚ ካርቶኑ ውሸታም ነው። እኔ ግን ብዙም አልከፋኝም ምክንያቱም የኛ ስቶር የቆርቆሮ ጣሪያ የብረት ሼልፍ፣ ሼልፉ ላይ ያለውም ብረት፣ 5 ቢኖረውም ከሁለት ሼልፍ በላይ አይሻገርም ነበር። ለባርኮድ ቁጥር ለመላክ 2.4 ይበቃል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሰላም ነበር። ስድስቱም ገቡ፣ ስድስቱም ላኩ፣ አለቃዬ መጥቶ አንዱን ያዘና የራሱን ቡና ማሸጊያ ስካን አርጎ ሳቀ። ያኔ ዝም ብል ኖሮ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ግን እኔ አርፌ አልቀመጥ አልኩ። የስቶሩን ዋይፋይ ፓስዎርድ ሹፌሮቹም ተሸካሚዎቹም ያውቁታል፣ ከሰዓት ላይ ሁሉም ቲክቶክ ላይ ነው፣ ስለዚ ራውተሩ ላይ የማክ ፊልተር ላብራና ስካነሮቹ ብቻ ይግቡ አልኩ።

ማክ አድሬስ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ባጭሩ፣ ዋይፋይም ብሉቱዝም ኬብልም የሚቀበል ዕቃ ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሰጠው መለያ ነው፣ 48 ቢት፣ ሲጻፍ 12 ምልክት ሁለት ሁለት እየሆነ በሁለት ነጥብ (:) የተለየ፣ ከ0 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ የላቲን ፊደላት ይገቡበታል። የፊተኛው ግማሽ አይትሪፕልኢ የሚባለው ድርጅት ለአምራቹ የሚሸጠው ነው፣ የኋለኛውን ግማሽ አምራቹ ራሱ እንደ ሰሌዳ ቁጥር በየዕቃው ይሰጣል። ሁለት ዕቃ አንድ አይነት ሊኖረው አይገባም። አይገባም ነው ያልኩት ልብ በሉ።

ፊልተር ስታበሩ አንድ መሰናክል አለ፣ አንድሮይድ ከ10 ጀምሮ ማለትም በፈረንጆቹ ከ2019 ወዲህ፣ አይፎን ደሞ ከአይኦኤስ 14 ከ2020 ወዲህ፣ ዋይፋይ ሲገቡ እውነተኛውን ማክ አያሳዩም፣ ለየዋይፋዩ የውሸት ቁጥር ፈጥረው ነው የሚገቡት። ሰው በየካፌው በየሞሉ ሲዞር ማን እንደሆነ እንዳይከታተሉት ነው፣ ጥሩ ነገር ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፣ ከ12ቱ ሁለተኛዋ ምልክት 2 ወይ 6 ወይ ኤ ወይ ኢ ከሆነች የተፈጠረ ቁጥር ነው ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። የኛ ስካነሮች አንድሮይድ 11 ናቸው ስለዚ እነሱም እንደዛ ነው የሚያደርጉት። እኔ ንጹህ ሥራ ልሥራ ብዬ ስድስቱንም አንድ በአንድ ሴቲንግ ገብቼ የስቶሩን ዋይፋይ ነክቼ ፕራይቬሲ ከሚለው ውስጥ "የዕቃውን ማክ ተጠቀም" አልኳቸው፣ ከዛ ባትሪያቸውን ነቅዬ ስቲከሩ ላይ የተጻፈውን ማክ ወደ ራውተሩ አስገባሁ። ስድስቱ ስቲከሮች ተከታታይ ናቸው፣ መጨረሻቸው 41፣ 42፣ 43 እያለ እስከ 46። ደስ ይላል። ፊልተሩን አበራሁ፣ ቲክቶክ ቆመ፣ አንዳንዶቹ ልጆች በክፉ አይን አዩኝ፣ እኔም ወደ ቤቴ።

በነጋታው ጠዋት ስልኬ አላረፈም። ኔትወርክ የለም። አለ። የለም። አንዷ ልጅ ፍሪሲዮን ሼልፍ ጋ ቆማ ስካን ታደርጋለች፣ ጢጥ ይላል፣ ትንሿ ክብ መዞር ትጀምርና ትዞራለች ትዞራለች ከዛ "አልተላከም"። ከዛ ድንገት አምስቱን በአንዴ ይልካል። ወዲያው ከወዲያኛው ጥግ አሞርዛተር የሚቆጥረው ልጅ "የኔ ደሞ ሄደ!" ይላል። ልክ እንደ መብራት ፈረቃ፣ ለአንዱ ሲመጣ ከሌላው ይሄዳል። ስቶር ኪፐራችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አርገው ያዩኝና "ልጄ ወረቀቱን እናምጣው?" አሉኝ። ከዛ ቀን ውስጥ ያመመኝ እሱ ነው።

እኔ እንግዲ ሁሉንም ጠረጠርኩ ከስካነሩ በቀር። ራውተሩን ከቢሮ ግድግዳ አውርጄ ስቶሩ መሃል ምሰሶ ላይ ሰቀልኩት። ቻናሉን (ዋይፋዩ አየር ላይ የሚሄድበትን መስመር) ከአውቶ አውጥቼ 1 ላይ ከዛ 6 ላይ ከዛ 11 ላይ አረኩት፣ 2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት እነዚ ሦስቱ ብቻ ናቸው። የብረት ሼልፉ ነው ብዬ ሌላ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ) አስገዛሁ፣ እሱም 9 ሺህ ብር ወጣበት፣ አለቃዬ ፈረመና ምንም አላለም፣ ዝም ማለቱ ነው የከፋው። ምንም ለውጥ የለም። በጣም ግራ የሚያጋባው ደሞ አንዱን ብቻ ይዤ ስሞክረው እንደ ብርቱካን ይጣፍጣል፣ ስቶሩን ከጫፍ ጫፍ ዞሬ አንድም አይቆረጥም። ሰው ሲሰበሰብ ነው የሚበላሸው። ሶፍትዌሩን የሠራልን ልጅ ጋ ደውዬ ሰርቨርህ ስድስት ሰው አይችልም ወይ ብዬ ጮህኩበት፣ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ ኋላ።

ያገኘሁት በምሳ ሰዓት ነው። ልጆቹ ስካነሮቹን ቻርጅ ላይ ደርድረው ሄደዋል፣ ስድስቱም በርተዋል፣ እኔ ሽሮዬን በምሳ ዕቃ ይዤ ራውተሩ ገጽ ላይ ማን ማን እንደገባ ዝርዝሩን ከፈትኩ። አንድ። አንድ ዕቃ ብቻ። ሪፍሬሽ አረኩት፣ አንድ። ስካነሮቹን አየሁ፣ ሁለቱ ዋይፋይ ምልክት አላቸው አራቱ እየፈለጉ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ የነዛ ሁለቱ ጠፋና የሌሎቹ መጣ። ያኔ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። አንዱን አንስቼ ስለስልኩ ከሚለው ውስጥ የዋይፋይ ማኩን አየሁ፣ መጨረሻው 41። ሁለተኛውን፣ 41። ሦስተኛውን 41። ስቲከሩ 46 የሚለውን ገለበጥኩት፣ ከውስጥ 41። ስድስቱም አንድ ሰው ናቸው!

ለምን እንደሚጣሉ ሲገባችሁ ያስቃል። አክሰስ ፖይንት ሰውን የሚለየው በማክ ነው። ሁለተኛው ስካነር በዛው ማክ ሲገባ አክሰስ ፖይንቱ "ይሄማ ያ ቅድም የነበረው ነው ተቋርጦ ተመለሰ" ብሎ አዲስ የምስጢር ቁልፍ ይሰጠዋል፣ የድሮውን ይጥላል። የመጀመሪያው ስካነር የያዘው ቁልፍ ከዛ በኋላ አይከፍትም፣ ስለዚ ይወጣል፣ ተመልሶ ሲገባ ደሞ ሁለተኛውን ያስወጣል። አይፒም (ዕቃው ኔትወርኩ ውስጥ የሚጠራበት ቁጥር) የሚታደለው በማክ ስለሆነ ስድስቱም አንድ አይፒ ነው የተሰጣቸው። ፊልተሩም ማንንም አልከለከለም፣ 41 ዝርዝሩ ውስጥ አለች፣ ሁሉም 41 ነኝ እያለ ይገባል፣ ስለዚ ፊልተሩን እንድጠረጥር የሚያደርገኝ ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው ሳምንት ሰላም የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ አንድሮይዱ ለየራሱ በፈጠረው የውሸት ቁጥር ስለነበር የገቡት የተለያዩ ነበሩ። እኔ ነኝ በእጄ ወደ እውነተኛው የመለስኳቸው።

ኮኮብ ሃሽ ዜሮ ስድስት ሃሽ ደወልኩባቸው፣ ሲም የሚቀበሉ ስለሆነ አይኤምኢአይ (የስልክ መለያ ቁጥር) አላቸው፣ እሱም ስድስቱ ላይ አንድ ነው። የብሉቱዙም አድሬስ አንድ ነው። ለካ ያቺ የወገብ ላይ ሌብል ፕሪንተር ከአንዱ ጋር አጣምረናት ሌላው ስቲከር የምታወጣው ለዚ ነው፣ ልጆቹ "ፕሪንተሯ ጋኔን አለባት" ይሉ ነበር።

ስድስቱንም በፌስታል ይዤ ሱቁ ሄድኩ። የሽያጭ ልጁ ትሁት ነው፣ "ጌታዬ ተቀመጥ ሻይ ይምጣልህ" ምናምን፣ ችግሩን ስነግረው ሳቀና የራሱን ስልክ አውጥቶ አንድ አፕ ከፈተ፣ ማክ አድሬስ 02:00:00:00:00:00 ይላል። የጓደኛውንም አሳየኝ፣ 02:00:00:00:00:00። "አየህ ወንድሜ፣ ሁሉም ስልክ ላይ አንድ ነው፣ ኖርማል ነው።" እውነት ለመናገር ለአንድ ሰከንድ ደነገጥኩ፣ ትክክል መስሎኝ። ግን አይደለም፣ አንድሮይድ ከ6 ጀምሮ አፖች የስልኩን ማክ እያዩ ሰውን እንዳይከታተሉ ብሎ ሲጠይቁት ለሁሉም ይሄንኑ የማይረባ ቁጥር ነው የሚመልስላቸው። አፕ ላይ ያየኸው ማስረጃ አይሆንም፣ ሴቲንግ ውስጥ ወይ ራውተሩ ላይ ነው የሚታየው። ሴቲንጉን ከፍቼ ስድስቱንም ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት፣ ያኔ ዝም ብሎ "ቴክኒሻኑን ልጥራው" አለ።

ቴክኒሻኑ ከጓዳ ወጣ፣ አየው፣ ወዲያው ነው የገባው። ነገሩ እንዲህ ነው። ስንገዛ የኛን የቆጠራ አፕና የአማርኛ ኪቦርድ ጭናችሁ ስጡን ብለን ነበር። እሱ ደሞ ስድስት ጊዜ ከሚጭን አንዱን አስተካክሎ የዛን ሙሉ ኮፒ አወጣና በኮምፒውተር አምስቱ ላይ ፍላሽ አረገው። ኮፒው ግን ሲስተሙን ብቻ አይደለም የያዘው፣ የሚዲያቴክ ቺፕ ያላቸው ዕቃዎች ላይ ኤንቪራም የሚባል ክፍል አለ፣ ማኩም ብሉቱዙም አይኤምኢአዩም የሬድዮው የፋብሪካ ማስተካከያ ራሱ የሚቀመጠው እዛ ነው፣ እሱንም አብሮ ገለበጠው። አንድ ሰው መታወቂያውን ለአምስት ወንድሞቹ ፎቶ ኮፒ አድርጎ እንደሰጠ አስቡት። ልጁ ክፋት የለውም፣ ጊዜ ለመቆጠብ ነው፣ ደሞ ለአንድ ስልክ ስታደርገው ምንም አይታይህም፣ ሁለቱ አንድ ቤት ገብተው ሲገናኙ ነው የሚፈነዳው። ከኛ በፊት ለስንት ሰው እንደዛ አርጎ እንደሸጠ ግን አሰብኩት።

ለማስተካከል ኤስኤን ራይት የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቅሞ በየስቲከራቸው ያለውን ቁጥር አንድ በአንድ ጻፈላቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ፣ ሻዩ ሦስት ጊዜ መጣ፣ ገንዘብ አልጠየቀም። አራቱ ልክ ሆኑ፣ የመጀመሪያው ያው ከድሮም ልክ ነው። አምስት።

ስድስተኛው፣ 46፣ ሲጽፉበት መሃል ላይ መብራት ሄደ። ይሄን የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ።

ስንመለስ እሱም የሚሠራ መስሎን ይዘን ሄድን። ስቶር ገብቶ ሲበራ ያቺ ፍሪሲዮን የምትቆጥረው ልጅ ጠራችኝና "እዚ አዲስ ዋይፋይ አለ፣ ጎረቤት ነው መሰለኝ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ፓስዎርዱን ጠይቅልን" አለችኝ። አየሁት፣ የዋይፋዮቹ ዝርዝር አናት ላይ "ኤንቪራም ዋርኒንግ" የሚል ስም ተቀምጧል። ዋይፋይ አይደለም! ስካነሩ ራሱ ነው የሚጮኸው፣ ኤንቪራሜ ጠፍቷል ማኬን አላገኘሁትም ለማለት ሌላ ቦታ ስላጣ የኔትወርክ ስም አስመስሎ ዝርዝር ውስጥ ይጽፈዋል። እንዲህ አይነት ዕቃ ማኩን በየማብራቱ ከራሱ ይፈጥራል፣ ስለዚ ፊልተሩ ዛሬ ብታስገባው ነገ አያውቀውም። ይሄን መልእክት ሰከንድ ሃንድ ስልክ ስትገዙ ዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ ካያችሁት ስልኩ ፍላሽ ተደርጎ በትክክል አልተመለሰም ማለት ነው፣ አይኤምኢአዩንም ቼክ አርጉ።

ስለ ዋይፋዩ ሌላም ልበል። ሁለት አክሰስ ፖይንት ስላለን አሁን (ያ 9 ሺው መጨረሻ ላይ ሥራ አገኘ) ልጆቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ ስካነሩ ቶሎ አይቀይርም። ከበሩ ጋ ያለውን ሙጭጭ አርጎ ይዞ እስከ ጓሮ ድረስ ይሄዳል፣ አንድ መስመር ሲግናል ቀርቶት እንኳን አጠገቡ ያለውን ትቶ የሩቁን ነው የሚወደው። ውዶቹ ስካነሮች ገንዘባቸውን የሚበሉት አንዱ እዚ ላይ ነው፣ ለመጋዘን ተብለው ስለሚሠሩ ሰውየው ሲራመድ ቶሎ መሻገርን ይችሉበታል፣ 802.11 አር የሚባለው ለዛ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። የኛዎቹ ማኑዋል ላይ ስሙም የለም። መፍትሄዬ የአክሰስ ፖይንቶቹን ፓወር መቀነስ ነበር፣ ሰው ሲግናል ለመጨመር ነው የሚሮጠው እኔ ቀነስኩት፣ የሩቁ ቶሎ ሲደክም ስካነሩ ተገዶ የቅርቡን ይፈልጋል። በደንብ ተሻሽሏል።

አንዴ ደሞ ራውተሩ በራሱ ቻናል 13 ላይ ሄዶ ስካነሮቹ ዋይፋዩን ጭራሽ ማየት አቆሙ፣ የአሜሪካ ሴቲንግ ይዘው የመጡ ዕቃዎች ከ11 በላይ አያዩም። አውቶ አትበሉት፣ 1፣ 6 ወይ 11 ላይ ቸንክሩት። ሴኩሪቲውንም ደብሊውፒኤ 3 ብቻ ካረጋችሁት የእጅ ዕቃዎች ውጪ ሊቀሩ ይችላሉ፣ 2 እና 3 የተቀላቀለውን ምረጡ። በነገራችን ላይ የእጅ ዕቃና ዋይፋይ ድሮም አይዋደዱም፣ በፈረንጆቹ 2004 የወጣው የጌም መጫወቻ ኒንቴንዶ ዲኤስ የሚያውቀው ዌፕ የሚባለውን የድሮ ደካማ መቆለፊያ ብቻ ነበር፣ ለአንድ ጌም ብሎ የቤቱን ዋይፋይ ወደ ዌፕ ያወረደ ቤተሰብ ስንት ነው። የሶኒው ጌም መጫወቻ ፒኤስፒ በ2005 በአፕዴት 2.00 ደብሊውፒኤ ሲያገኝ እንደ ትልቅ ዜና ነበር የተወራው።

ፊልተሩን በተመለከተ ራሴንም ልውቀስ። ማክ ፊልተር አጥር ሳይሆን መጋረጃ ነው። ማኩ አየር ላይ ሲሄድ አይደበቅም፣ ፓስዎርዱ ምንም ያህል ቢጠነክር ማክ የሚጻፍበት ክፍል ክፍት ነው፣ ትንሽ የሚያውቅ ልጅ ላፕቶፕ ይዞ ደጅ ቆሞ የኛን 41 አይቶ ራሱን 41 ማድረግ ይችላል። ስድስት ስካነር ሳያውቁት ያደረጉትን አንድ ሌባ አውቆ ቢያደርገው ማን ይከለክለዋል። አሁን ያደረኩት ለስካነሮቹ ብቻ ሌላ የዋይፋይ ስም ከፍቼ ረጅም ፓስዎርድ ሰጥቼ ለማንም አልነገርኩም፣ ለሠራተኛው ደሞ የእንግዳ ዋይፋይ ፍጥነቱ የተወሰነ ከፍቼላቸዋለሁ። ፊልተሩን አጠፋሁት። ቲክቶክ ተመልሷል፣ የክፉ አይን ቀርቷል።

ለምትገዙ። ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ሁለቱን አንድ ላይ አብሩ፣ አንዱን ብቻ አትሞክሩ፣ አንዱ ብቻውን ሁሌም ይሠራል። ባትሪውን ንቀሉና ስቲከሩ ላይ ያለውን ማክ ሴቲንግ ውስጥ ካለው ጋር አስተያዩ፣ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ያጥቁር። አፕ ጭነን እንስጣችሁ ካሏችሁ በእጅ ጫኑት በሉ፣ ወይ ባዶውን ውሰዱና ራሳችሁ ጫኑት፣ እኔ ያን ብል ኖሮ ሻዩንም አልጠጣም ነበር። 5 ጊጋኸርዝ አለው ካሏችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ሆትስፖት ይበቃል፣ አንድ ደቂቃ ነው። ደረሰኝ ላይ ደሞ የየአንዳንዱ ሲሪያል ቁጥር እንዲጻፍ አርጉ፣ እኛ "ስካነር 6" ተብሎ ነው የተጻፈልን፣ ሱቁ ቢክድ የምንይዘው ነገር አልነበረም።

ከአምስት ስንት? ዕቃው ማንበቢያውና ባትሪው አራት ነው፣ ዋይፋዩ ሁለት፣ ካርቶኑ ዜሮ። ሱቁን ሦስት እሰጠዋለሁ፣ አንድ ያነሰው ለ02:00 ነው፣ አንድ ደሞ ለስድስተኛው፣ ሦስት ጊዜ ደውዬ "ቦርዱ ይመጣልሃል" ተብያለሁ እስካሁን አልመጣም። በ28 ሺህ እንደገና እገዛዋለሁ ወይ ካላችሁ አዎ እገዛዋለሁ፣ አሁን የት የት እንደሚያነክስ አውቃለሁ።

ስድስተኛው ፊልተሩ ከጠፋ ወዲህ ያው በየቀኑ አዲስ ማክ ፈጥሮ ይገባል፣ ራውተሩ ዝርዝር ላይ በየጠዋቱ አዲስ እንግዳ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ግን ይሠራል። ልጆቹ ስም አውጥተውለታል። ትላንት ስቶር ኪፐራችን ራሳቸው መነጽራቸውን አውርደው ካንዴላ ሼልፍ ላይ ወጥተው "ዋርኒንግን አቀብዪኝ" ሲሉ ሰማኋቸው።